ስለ ኒውክሊክ አሲድ አጠናን፤ ከእኅቴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተማርሁት



አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ልጓም ፈረሱን ወደ አንድ ወገን ቢጎትተው፣ ከአባት ከእናቱ የወረሰው ጠባይ ከልጓሙ በርትቶ ወደ ሌላ ወገን ይወስደዋል ማለታቸው ነው። በእውነትም ገብስ የዘራ ገብስ እንጂ ባቄላ አያጭድም። ይህን ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያስፈልግም። ነገር ግን ይህ ዘር የምንለው ነገር ከምን እንደ ተሠራ፣ በምን ዓይነት ፊደልስ ተጽፎ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚሻገር የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው፤ መቶ ዓመት እንኳ አይሞላውም። ይህ ነገር ኒውክሊክ አሲድ ይባላል፤ ትምህርቱም በዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስትሪ ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ነው።

እኔ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለመጻፍ መድፈሬ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሜ ነገሩ እንዴት እንደ መጣ እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎም የተማርሁትን በየተራው አቀርባለሁ፤ በመጨረሻም ስለ አጠናን ያገኘሁትን ምክር እጽፋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የነገሩ መነሻ

ታላቅ እኅቴ በዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወደ ቤታችን ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። በኒውክሊክ አሲድ ፈተና መውደቋን የነገረችን በመጣች በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ አልተቆጡም፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ድጋሚ ፈተናው ከወር በኋላ ከሆነ ተፈተኚ፤ ካልሆነልሽ ግን ወደ ሒሳብ አያያዝ ብትዛወሪ ይሻላል፤ የማይገባሽን ነገር ይዘሽ ዕድሜሽን አትጨርሺ» አሉ። ይህም ቃል ከቁጣ ይልቅ አሳዘናት።

እኅቴ ሰነፍ አልነበረችም። ሦስት ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ነበራት፤ የኢንዛይሞቹንም ስም ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከላይ እስከ ታች ሳትሳሳት ትወጣው ነበር። የጣላት ግን ይህን የመሰለ ጥያቄ ነው፤

«ከአንድ ቫይረስ የተገኘ ኒውክሊክ አሲድ ቢመረመር፣ ከመቶው እጅ አዴኒን 25፣ ዩራሲል 33፣ ጓኒን 23፣ ሳይቶሲን 19 ሆኖ ተገኘ። ይህ ኒውክሊክ አሲድ ምን ዓይነት ነው? ምክንያቱን አስረዳ።»

አራቱንም ስሞች ታውቃቸዋለች፤ ሥዕላቸውንም በወረቀት ላይ ታወጣዋለች፤ ነገር ግን ቁጥሮቹ ምን እንደሚናገሩ አላወቀችም። ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙት፤ በጽሑፉ መጨረሻ እናንተው ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

በማግሥቱ እኅቴ ጠራችኝና «ና፣ ከፊቴ ተቀመጥ፤ አንተ ምንም ስለማታውቅ ትጠቅመኛለህ» አለችኝ። የእኔ ሥራ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር። አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር «እንዴት ታወቀ?» እላታለሁ፤ እርሱን ስትመልስ «ለምን እንዲህ ሆነ?» እላታለሁ። መልስ ካጣች ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። ይህ ሥርዓት ከራት በኋላ በየማታው አንድ ወር ያህል ቆየ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጠረጴዛ የቀሰምሁትን ነው።

ለ. ኒውክሊክ አሲድ ከምን ተሠራ?

በ1869 ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለ የስዊስ ወጣት ሐኪም፣ በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፣ ከሆስፒታል የተጣሉ የቁስል ፋሻዎችን እየሰበሰበ በመግሉ ውስጥ ያሉትን ሴሎች ይመረምር ነበር። ከሴሎቹ እምብርት፣ ማለትም ከኒውክሊየሱ፣ ፎስፎረስ የበዛበትና ፕሮቲን ያልሆነ ነገር አገኘ። ኒውክሊክ አሲድ የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ትርጓሜውም ከኒውክሊየስ የተገኘ አሲድ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ይህን ነገር ሲከፋፍሉት ሦስት ነገሮች አገኙ። አንደኛው አምስት ካርቦን ያለው ስኳር ነው፤ ሁለተኛው ፎስፌት ነው፤ ሦስተኛው ናይትሮጅን ያለበት ቤዝ የሚባለው ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲጋጠሙ ኒውክሊዮታይድ ይባላሉ፤ ኒውክሊዮታይዶችም በክር ላይ እንደ ተሰካ ጨሌ አንዱ ከአንዱ ጋር ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ።

ሁለት ዓይነት ኒውክሊክ አሲድ አለ፤ እነርሱም ዲ.ኤን.ኤ. እና አር.ኤን.ኤ. ናቸው። የዲ.ኤን.ኤ. ስኳር ከአር.ኤን.ኤ. ስኳር አንድ ኦክሲጅን ይጎድለዋል። ቤዞቹም አራት አራት ናቸው። አዴኒን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን በሁለቱም ውስጥ ይገኛሉ፤ አራተኛው ግን በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ታይሚን፣ በአር.ኤን.ኤ. ውስጥ ዩራሲል ነው። አዴኒንና ጓኒን ሁለት ቀለበት ያላቸው ትልልቆች ሲሆኑ፣ የቀሩት አንድ ቀለበት ያላቸው ትንንሾች ናቸው። ይህን የመጠን ልዩነት አትርሱት፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ሐ. እንዴት ታወቀ?

ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ዘርን የሚያወርሰው ፕሮቲን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ምክንያታቸውም ሞኝነት አልነበረም። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲድ ይሠራል፤ ኒውክሊክ አሲድ ግን አራት ቤዝ ብቻ ነው ያለው፤ እነዚህም አራቱ እኩል በእኩል ሆነው በአንድ ተራ የሚመላለሱ ይመስላቸው ነበር። ሁልጊዜ «ሀለሐመ፣ ሀለሐመ» ብቻ የሚል ፊደል ደብዳቤ ሊጽፍ አይችልም፤ እነርሱም እንደዚሁ አሰቡ።

ይህን ሐሳብ ያናወጠው በ1928 ፍሬዴሪክ ግሪፊዝ በእንግሊዝ አገር ያደረገው ሙከራ ነው። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ዓይነት አይጥን ይገድላል፤ ሌላው ዓይነት አይገድልም። ግሪፊዝ ገዳዩን በሙቀት ገድሎ ከማይገድለው ጋር ቀላቅሎ ቢወጋ አይጦቹ ሞቱ፤ በደማቸውም ውስጥ ሕያው የሆነ ገዳይ ባክቴሪያ ተገኘ። እንግዲህ ከሞተው ወደ ሕያው የተላለፈ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ያሳዩት በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድና ማክሊን ማካርቲ በኒው ዮርክ ነው። ከገዳዩ ባክቴሪያ የወጣውን ጭማቂ ፕሮቲን በሚያፈርስ ኢንዛይም ቢያክሙት ኃይሉ አልጠፋም፤ አር.ኤን.ኤ. በሚያፈርስ ቢያክሙት አሁንም አልጠፋም፤ ዲ.ኤን.ኤ. በሚያፈርስ ኢንዛይም ሲያክሙት ግን ጠፋ። እኅቴ ይህን በነገረችኝ ማታ ደብተሯን ዘጋችና «የእነዚህን ኢንዛይሞች ስም በቃሌ አውቅ ነበር፤ ለምን እንደ ተጨመሩ ግን ዛሬ ገና ገባኝ» አለች።

ቀጥሎ የመጣው ኤርዊን ቻርጋፍ ነው። ይህ ሊቅ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ልዩ ፍጥረታትን ዲ.ኤን.ኤ. እየከፋፈለ ቤዞቻቸውን መዘነ። አራቱ እኩል አለመሆናቸውን፣ መጠናቸውም ከፍጥረት ወደ ፍጥረት እንደሚለያይ አገኘ። የሰው ዲ.ኤን.ኤ. ከመቶው እጅ አዴኒን 30.9፣ ታይሚን 29.4፣ ጓኒን 19.9፣ ሳይቶሲን 19.8 ነው። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አዴኒን ከታይሚን ጋር፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ያም ልዩነት የመለኪያው ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ ዲ.ኤን.ኤ. አዴኒኑ ከመቶ 30 ነው ከተባለ፣ ታይሚኑ 30፣ ጓኒኑ 20፣ ሳይቶሲኑ 20 መሆኑን ሳንመዝን እናውቃለን ማለት ነው።

«ለምን እኩል ሆኑ?» ብዬ ጠየቅኋት። መልሱ የተገኘው በ1953 ነው። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር በለንደን በ1952 በኤክስ ሬይ ያነሣችው ሥዕል ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ገመድ የተጠማዘዘ መሆኑን ያሳይ ነበር። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በካምብሪጅ ሆነው፣ ያንንም ሥዕል ዋትሰን እርሷ ሳታውቅ ተመልክቶት፣ የቻርጋፍንም ቁጥር ጨምረው ቅርጹን አገኙ። ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ሰንሰለት ያለው ጠመዝማዛ መሰላል ነው። የመሰላሉ ቋሚዎች ስኳርና ፎስፌት ናቸው፤ ርብራቦቹም ጥንድ ቤዞች ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ከአንድ ትንሽ ጋር ስለሚጣመር የመሰላሉ ስፋት በየትም ቦታ እኩል ነው፤ እርሱም 2 ናኖ ሜትር ያህል ነው። አዴኒን ከታይሚን ጋር በሁለት የሃይድሮጅን ማሰሪያ፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር በሦስት ይያያዛል። ለእያንዳንዱ አዴኒን አንድ ታይሚን ካለ፣ ቁጥራቸው እኩል መሆኑ የግድ ነው። ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመቷ ሞተች፤ የ1962 የኖቤል ሽልማት ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለሞሪስ ዊልኪንስ ሲሰጥ እርሷ በሕይወት አልነበረችም። ይህን ትምህርት የሚያጠና ሰው ስሟን አብሮ ሊያስታውስ ይገባል።

መ. በቤታችን የተደረገ ሙከራ

ከዕለታት አንድ ቀን አያቴ «ማታ ማታ የምትጨቃጨቁበት ይህ ዘር በዓይን ይታያል?» ብለው ጠየቁን። እኅቴም «እናሳይዎታለን» አለች።

አንድ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከተፍን፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨውና ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን ከሽንኩርቱ ጋር አሸነው፤ ጥቂት ቆይተን በንጹሕ ነጠላ አጠለልነው። ሌሊቱን ውጭ አድሮ በደብረ ብርሃን ቁር የቀዘቀዘውን፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛውን ጠንካራ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ ብለን አፈሰስንበት። ጥቂት ደቂቃ እንደ ቆየ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ነጭ ክር የሚመስል ነገር ወጣ፤ እርሱንም በእንጨት ጠቅልለን አነሣነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሴሉ ሽፋን ከስብ ጭምር የተሠራ ስለ ሆነ ሳሙናው ያፈርሰዋል። ፎስፌቱ ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ስላለው ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ በጨው ውስጥ ያለው ፖዚቲቭ ሶዲየም ግን ያንን ኃይል ያበርደዋል። ኒውክሊክ አሲድ በውኃ ይሟሟል፤ በአልኮል ግን ስለማይሟሟ ተሰብስቦ ይወጣል።

አያቴ እንጨቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «ይህ ንፍጥ የሚመስለው ነው እንዴ ዘር የሚባለው?» ብለው ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቁም። ከመጀመሪያው ጀምረው በሩ አጠገብ ቆመው ይመለከቱ ነበርና «ይህ ዘሩ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ሲሉ ጠየቁ።

እኅቴ ጥቂት አሰበችና «አባባ፣ በዚህ ብቻ አላወቅሁም። በውስጡ ፕሮቲንም አር.ኤን.ኤ.ም ተቀላቅሎበታል። በእርግጥ ለማወቅ ዲ.ኤን.ኤ.ን ብቻ የሚያፈርስ ኢንዛይም ጨምሬ ክሩ ይጠፋ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልገኝ ነበር» አለች። አባቴም «እንዲህ ከሆነስ ገብቶሻል» ብለው ወንበር ስበው አብረውን ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሒሳብ አያያዝ በቤታችን አልተነሣም።

ሠ. ለምን እንዲህ ሆነ?

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤ. እንደ አር.ኤን.ኤ. በዩራሲል በመጠቀም ፈንታ ለምን ታይሚንን መረጠ? ታይሚን ማለት ዩራሲል ሆኖ አንድ ትንሽ ቅጥያ፣ ማለትም አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የተጨመረበት ነው። በፊደላችን «ነ» ላይ ሰረዝ ሲጨመር «ኘ» እንደሚሆን ያለ ነው።

ሳይቶሲን በውኃ ውስጥ ሲኖር አንዳንድ ጊዜ በራሱ ተበላሽቶ ወደ ዩራሲል ይለወጣል፤ ይህም በአንድ የሰው ሴል ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ ያህል ይደርሳል። ሴሉ ይህን ስሕተት የሚያርም ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይሙም በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ዩራሲል ባገኘ ቁጥር ነቅሎ ያወጣዋል። ዩራሲል የዲ.ኤን.ኤ. ተራ ፊደል ቢሆን ኖሮ ግን የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው የተበላሸ ሳይቶሲን መሆኑን አራሚው ሊለየው አይችልም ነበር። ስለዚህ በእውነተኛው ላይ ምልክት ተደረገበት፤ ምልክት የተደረገበትም ታይሚን ነው። ይህን የማረም ሥራ ካጠኑት አንዱ ቶማስ ሊንዳል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ሁለት የሒሳብ ነገርም ልጨምር። አንደኛ፤ በአራት ፊደል 20 አሚኖ አሲድ ለመጥራት ቃሉ ስንት ፊደል ሊኖረው ይገባል? ሁለት ፊደል ቢሆን 4 ጊዜ 4 ማለትም 16 ቃል ነው፤ አይበቃም። ሦስት ቢሆን 64 ነው፤ ይበቃል፤ ይተርፋልም። እውነትም ሦስት ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም ቃላት የመጀመሪያውን ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪሽ ማቲ በ1961 አነበቡት።

ሁለተኛ፤ በአንድ የሰው ሴል ውስጥ 6.4 ቢሊዮን ያህል ጥንድ ቤዞች አሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖ ሜትር ነው። ብታባዙት ከ2 ሜትር ይበልጣል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክር ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ በማይሞላ ኒውክሊየስ ውስጥ የሚገባው፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም በፕሮቲን ላይ ተጠምጥሞ ነው።

ረ. ይህ ዕውቀት ምን ይጠቅማል?

በሄሞግሎቢን ጂን ውስጥ አንዲት አዴኒን በታይሚን ስትተካ ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ ይለወጣል፤ ይህን ለውጥ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ልጅ ቀይ የደም ሴሎቹ እንደ ማጭድ ይጎብጡና በብርቱ ይታመማል። የአንዲት ፊደል ስሕተት ይህን ያህል ታደርጋለች።

ኬሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ፒ.ሲ.አር. የሚባለው ዘዴ ዲ.ኤን.ኤ.ን በእያንዳንዱ ዙር በእጥፍ ያበዛል፤ በ30 ዙር አንዱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ከአፍንጫችን በተወሰደው ናሙና ውስጥ የቫይረሱ አር.ኤን.ኤ. አስቀድሞ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ተገልብጦ በዚሁ ዘዴ ይበዛ ነበር። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ደግሞ የአር.ኤን.ኤ.ን ቤዝ በጥቂቱ በመለወጥ ሰውነት እንዳይቈጣው የሚደረግበትን መንገድ አግኝተው ለክትባቱ መሠረት ጣሉ፤ በ2023ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በአገራችንም ነገር የጤፋችን የዲ.ኤን.ኤ. ፊደል ተነቦ በ2014 ታትሟል። ከኢትዮጵያ የገብስ ዘሮች የተገኘ አንድ የጂን ለውጥም፣ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን በሽታ ስለሚከላከል በአውሮፓ የገብስ እርሻዎች ውስጥ እያገለገለ ነው። አያቴ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የጓዳዬ ገብስ አውሮፓ ሄዷል በሉኛ!» አሉ።

ሰ. ስለ አጠናን

1ኛ. ስም ከመያዛችሁ በፊት ነገሩ እንዴት እንደ ታወቀ ጠይቁ። ሙከራው የገባው ሰው ስሙን አይረሳም።

2ኛ. የሞለኪውሉን ሥዕል መጽሐፉን ዘግታችሁ በእጃችሁ ሣሉ፤ ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ያለው የት ነው? የሃይድሮጅን ማሰሪያ የሚይዘውስ የቱ ነው? በሉ።

3ኛ. ቁጥር ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ ራሳችሁ አስሉት።

4ኛ. ለማያውቅ ሰው አስረዱ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው አስተማሪ በቤቱ አለው።

5ኛ. የማታውቁትን «አላወቅሁም» ለማለት አትፈሩ።

የተከበራችሁ ወላጆችም፤ ልጃችሁ ሲወድቅ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት እንዴት እንደሚያጠና ጠይቁት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ታይሚን የለበትም፤ ዩራሲል አለበት፤ ስለዚህ አር.ኤን.ኤ. ነው። አዴኒኑ 25፣ ዩራሲሉ 33 ነው፤ ጓኒኑ 23፣ ሳይቶሲኑ 19 ነው። ጥንዶቹ እኩል ስላልሆኑ ሁሉም ተጣምረው የሚኖሩበት መሰላል ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰንሰለት ብቻ ያለው አር.ኤን.ኤ. ነው። መልሱ ሁለት መስመር ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ መስመር ውስጥ የሚሸር፣ የኤቨሪ፣ የቻርጋፍና የፍራንክሊን ድካም አለበት።

እኅቴ ድጋሚ ፈተናዋን አለፈች። እኔም ፈተናዬን አልፌ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህንኑ ትምህርት ለመማር ቈርጫለሁ። ታናሽ ወንድሜ ገና ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ከፊቴ እንዲቀመጥ ከአሁኑ ነግሬዋለሁ።